የዲማርክ ሪፖርት ለምን አልመጣም? ዝም ያለውን ዶሜይን ደረጃ በደረጃ መመርመር

ለመሥሪያ ቤታችሁ ወይም ለዩኒቨርሲቲያችሁ ዶሜይን የዲማርክ ሪከርድ አስገብታችኋል እንበል። ሪፖርት የሚላክበትንም የኢሜይል አድራሻ በሪከርዱ ውስጥ ጽፋችኋል። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያም ሳምንት። ሳጥኑ ባዶ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ይደመድማል፤ ወይ «ችግር ስለሌለ ነው ያልመጣው» ይላል፣ ወይ ደግሞ «ይሄ ነገር አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። የበለጠ የሚያስከፍለው ግን የመጀመሪያው ነው።

ምን መሰላችሁ፣ የዲማርክ ሪፖርት እንደ እሳት አደጋ ደወል ሲቃጠል ብቻ የሚጮህ ነገር አይደለም። ልክ እንደ ባንክ የሒሳብ መግለጫ ነው፤ ሁሉም ነገር ደህና ቢሆንም ይመጣል። ስለዚህ ኢሜይል የሚልክ ዶሜይን ላይ ፍጹም ዝምታ ካለ፣ ከመንገዱ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ነገር አለ ማለት ነው። ደስ የሚለው፣ መንገዱ አጭር ነው። አምስት ጣቢያዎች ብቻ አሉት፤ ሁሉንም ከወንበራችሁ ሳትነሡ መፈተሽ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ፣ ዲማርክ ምንድን ነው?

ኢሜይል ዛሬም የሚጓጓዝበት ደንብ ኤስኤምቲፒ ይባላል። ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ሰነድ ነው መነሻው። በዚያ ዘመን በኔትወርኩ ላይ የነበሩት ጥቂት ኮምፒውተሮች ስለነበሩ «ላኪው በእርግጥ እሱ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ በደንቡ ውስጥ አልገባም። ውጤቱ፣ ፖስታ ላይ የፈለጋችሁትን ሰው ስም በላኪነት መጻፍ እንደምትችሉት ሁሉ፣ ማንም ሰው የዩኒቨርሲቲያችሁን ሬጅስትራር አድራሻ በላኪነት ጽፎ «የመመዝገቢያ ክፍያ በዚህ ሒሳብ አስገቡ» የሚል ኢሜይል ለተማሪዎች መላክ ይችላል።

ይህንን ለመዝጋት ሁለት መሣሪያዎች መጡ። ኤስፒኤፍ «በዚህ ዶሜይን ስም ኢሜይል መላክ የሚችሉት እነዚህ ሰርቨሮች ናቸው» የሚል ዝርዝር ነው። ዲኪም ደግሞ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ ነው። ሁለቱም ግን አንድ ክፍተት አላቸው፤ የሚፈትሹት ዶሜይን ተቀባዩ በዓይኑ ከሚያየው የላኪ አድራሻ ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን አይጠይቁም።

ዲማርክ የመጣው ለዚህ ነው። ጎግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ያሁና ፔይፓል ያሉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 አስተዋወቀው፤ በ2015 ደግሞ አርኤፍሲ 7489 ተብሎ ታተመ። ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም ቢያንስ አንዱ እንዲያልፍና ያለፈው ዶሜይንም ከሚታየው ላኪ ጋር እንዲገጥም ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ካልገጠመ ምን ይደረግ የሚለውን የዶሜይኑ ባለቤት እንዲወስን ያደርጋል፤ ምርጫዎቹ «ናን» ማለትም ምንም አታድርግ፣ «ኳራንቲን» ማለትም ወደ ስፓም ውሰደው፣ እና «ሪጀክት» ማለትም አትቀበለው ናቸው። ሦስተኛ፣ ተቀባዩ ያየውን ጠቅልሎ ለባለቤቱ ሪፖርት እንዲልክ ይጠይቃል። የእኛ ጉዳይ ይህ ሦስተኛው ነው።

ሪፖርቱ ከሌለ ምን ይጎድላል? እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጂሜይል በቀን 5000 እና ከዚያ በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል አድራሻዎች የሚልኩ ሁሉ የዲማርክ ሪከርድ እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ ያሁም በዚያው ጊዜ ተመሳሳይ ደንብ አውጥቷል። ብዙ ድርጅት ታዲያ ለደንቡ ሲል «ናን» ብሎ ያስገባና እዚያው ይቆማል። «ናን» ግን አስመሳይን አያግድም። «ሪጀክት» ለማለት ደግሞ በስማችሁ የሚልኩትን ሰርቨሮች በሙሉ ማወቅ አለባችሁ። የደመወዝ ክፍሉ ሶፍትዌር፣ የተማሪዎች ፖርታል፣ የሆነ ክፍል ከሦስት ዓመት በፊት የጀመረው የዜና መጽሔት፣ እነዚህን ሁሉ ዘርዝሮ የሚያሳያችሁ ሪፖርቱ ነው። ሳታዩ «ሪጀክት» ካላችሁ፣ የመጀመሪያው ተጎጂ አስመሳዩ ሳይሆን የቅበላ ደብዳቤውን የሚጠብቀው ተማሪ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ወደ ጣቢያዎቹ እንሂድ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ሪከርዱ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን ቃላቱን በድምፃቸው ነው የማስቀምጣቸው።

ጣቢያ 1፦ ሪከርዱ ከውጭ ይታያል?

የዲማርክ ሪከርድ የሚቀመጠው በዲኤንኤስ ውስጥ ነው። ዓይነቱ ቲኤክስቲ ሲሆን ስሙ ደግሞ ከዶሜይናችሁ ፊት «አንደርስኮር ዲማርክ» የሚል ቅጥያ ያለበት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሙ ላይ ነው። አንዳንድ የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ገጾች ዶሜይኑን ራሳቸው ከኋላ ይጨምራሉ። እናንተ ሙሉውን ስም ስትጽፉ ዶሜይኑ ሁለት ጊዜ ይደገምና ሪከርዱ ማንም የማይፈልገው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ገጹ ላይ ስታዩት ደግሞ ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል።

ሁለተኛው ስህተት የተሳሳተ ገጽ ላይ መጻፍ ነው። ዶሜይኑ የተገዛበት ድርጅት አንድ፣ ድረ ገጹ ያለበት ድርጅት ሌላ፣ ዲኤንኤሱን የሚመራው ደግሞ ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። ሪከርዱን መጻፍ ያለባችሁ የኔም ሰርቨር ሪከርዶቻችሁ በሚጠቁሙት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሌላው ቦታ ላይ የጻፋችሁትን ማንም አያነበውም።

ስለዚህ መቆጣጠሪያ ገጹን አትመኑ፤ ከውጭ ጠይቁ። ዊንዶውስ ላይ «ኤንኤስ ሉክአፕ»፣ ሊኑክስና ማክ ላይ «ዲግ» የሚባሉት ትእዛዞች ይህንን ይሠራሉ። የመሥሪያ ቤታችሁ የውስጥ ዲኤንኤስ ለውጭው ዓለም የማይታይ መልስ ሊሰጣችሁ ስለሚችል፣ ጥያቄውን ለጎግል የሕዝብ ሰርቨር፣ ማለትም ለ8.8.8.8 አቅርቡ። አሁን ያስተካከላችሁት ከሆነ ደግሞ ትንሽ ታገሡ፤ የሪከርዱ የቆይታ ጊዜ 14400 ሰከንድ ከሆነ የድሮው መልስ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ሊቆይ ይችላል።

የሚመጣው መልስ አንድ ብቻ መሆኑንም እዩ። በአንድ ስም ሁለት የዲማርክ ሪከርዶች ካሉ፣ ደንቡ «ሁለቱንም ተዋቸው» ነው የሚለው። አንዱ ቴክኒሺያን አምና ያስገባው፣ ሌላው ዘንድሮ የጨመረው፣ ውጤቱ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል።

ጣቢያ 2፦ ሪከርዱ ይነበባል?

ሪከርዱ ተገኝቶም ላይነበብ ይችላል። የመጀመሪያው ቃል የግድ «ቪ እኩል ይሆናል ዲማርክ 1» መሆን አለበት፤ «ዲማርክ» የሚለውም በትልልቆቹ የላቲን ፊደላት መጻፍ አለበት። ይህ ከቦታው ከተዛወረ ወይም ከጎደለ ሪከርዱ በሙሉ ይጣላል። ቀጥሎ ፖሊሲው፣ ከዚያ ደግሞ «አር ዩ ኤ» የሚባለው የሪፖርት አድራሻ ይመጣል። በመካከላቸው ሴሚኮለን ይገባል።

አድራሻው ላይ ሦስት ነገር ተመልከቱ።

– ከኢሜይሉ ፊት «ሜይልቱ» የሚለው ቃልና ኮለን መኖር አለባቸው። ባዶ የኢሜይል አድራሻ ብቻ ከጻፋችሁ ሪፖርተሩ የት እንደሚልክ አያውቅም።

– ሁለት አድራሻ ከፈለጋችሁ በአንድ «አር ዩ ኤ» ውስጥ በኮማ ለዩአቸው፤ ለእያንዳንዱም «ሜይልቱ»ን ድገሙ። «አር ዩ ኤ»ን ሁለት ጊዜ አትጻፉ።

– ሪከርዱን ከወርድ ሰነድ ኮፒ ካደረጋችሁት ጠማማ የጥቅስ ምልክቶችን ይዞ ሊመጣ ይችላል። በቀላል የጽሑፍ መጻፊያ እንደገና ጻፉት፤ አለቀ።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። «አር ዩ ኤፍ» የሚባል ሌላ ቦታ አለ፤ እሱ የሚጠይቀው የእያንዳንዱን የወደቀ መልእክት ዝርዝር ነው። በውስጡ የሰዎች የግል መረጃ ስለሚኖር ብዙ ተቀባዮች አይልኩትም፤ ጂሜይልም አይልክም። «አር ዩ ኤፍ» ብቻ ጽፋችሁ የምትጠብቁ ከሆነ፣ ዝምታው የሚጠበቅ ነው።

ጣቢያ 3፦ ተቀባዩ ዶሜይን ፈቅዷል?

እኛ ሀገር ይህ ጣቢያ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ስለሚያስቸግር፣ ኃላፊው የሪፖርት አድራሻ አድርጎ የግል ጂሜይሉን ይሰጣል። ሪከርዱ ይታያል፣ ይነበባል፣ ግን ሪፖርት የለም። ለምን?

እስቲ አንድ ክፉ ሰው አስቡ። በመቶ የሚቆጠሩ ዶሜይኖች ይገዛል፤ በሁሉም ላይ የእናንተን ኢሜይል የሪፖርት አድራሻ አድርጎ ያስገባል፤ ከዚያ በእነሱ ስም ስፓም ይረጫል። ከየአቅጣጫው የሚመጣ የሪፖርት ጎርፍ ሳጥናችሁን ያጥለቀልቀዋል። ይህንን ለመከላከል ደንቡ አንድ ጥያቄ ጨምሯል። የሪፖርቱ አድራሻ ከዶሜይኑ ውጭ ከሆነ፣ ሪፖርተሩ መጀመሪያ ወደ ተቀባዩ ዶሜይን ሄዶ «የዚህን ዶሜይን ሪፖርት ለመቀበል ተስማምተሃል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የሚገኘው በተቀባዩ ዲኤንኤስ ውስጥ በተቀመጠ የቲኤክስቲ ሪከርድ ነው። የሪከርዱ ስም በቅደም ተከተል የእናንተን ዶሜይን፣ «አንደርስኮር ሪፖርት»ን፣ «አንደርስኮር ዲማርክ»ንና የተቀባዩን ዶሜይን ይይዛል። ይዘቱ «ቪ እኩል ይሆናል ዲማርክ 1» ብቻ ቢሆን ይበቃል።

የጂሜይልን ዲኤንኤስ ግን እናንተ አትነኩትም፤ ጂሜይልም ለእናንተ ብሎ ይህንን ሪከርድ አያስገባም። ስለዚህ ደንቡን የሚያከብሩ ሪፖርተሮች ወደ ግል ጂሜይል አይልኩም። አንዳንዶቹ ጥያቄውን ዘለው ሊልኩ ይችላሉ፤ በዚያ ላይ መመካት ግን አይቻልም።

ይኸው ነገር በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከልም ይሠራል። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ዶሜይናቸው በ«ኢዱ ነጥብ ኢቲ» ስለሚያልቅ ብቻ እንደ አንድ ድርጅት አይቆጠሩም፤ የአንዱን ሪፖርት ሌላው እንዲቀበል ከተፈለገ ፈቃዱ መጻፍ አለበት። ሪፖርት የሚተነትን ኩባንያ ከተጠቀማችሁ ደግሞ ይህንን ሪከርድ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ራሱ ያዘጋጃል፤ መኖሩን ግን ቼክ አድርጉ። ቀላሉ መፍትሔ በራሳችሁ ዶሜይን ላይ ለሪፖርት ብቻ የሚሆን አንድ አድራሻ መክፈት ነው። ያኔ ይህ ጥያቄ ጭራሽ አይነሳም።

ጣቢያ 4፦ ሪፖርት የሚያደርግ ሰው አለ?

ሪፖርት የሚጽፈው መልእክታችሁን የተቀበለው ሰርቨር ነው። መልእክት ካልተላከ ሪፖርት የለም። ለድረ ገጽ ብቻ የሚያገለግል፣ ኢሜይል የማይልክና ማንም ያላስመሰለው ዶሜይን ዝም ቢል ትክክል ነው።

በተጨማሪም ሁሉም ተቀባይ ሪፖርት አይልክም። ጂሜይልና ያሁ ይልካሉ። የማይክሮሶፍት 365 ደንበኞችን በተመለከተ ማይክሮሶፍት የሚልከው የደንበኛው ዶሜይን የኤምኤክስ ሪከርድ በቀጥታ ወደ ራሱ ሲጠቁም ነው፤ በመካከል ሌላ የስፓም ማጣሪያ ካለ ሪፖርቱ ይቀራል። አንድ መሥሪያ ቤት በራሱ ክፍል ውስጥ ያቋቋመው ትንሽ የሜይል ሰርቨር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሪፖርት አይጽፍም፤ አስተዳዳሪው ሆን ብሎ ካላዘጋጀው በስተቀር። ስለዚህ የመሥሪያ ቤታችሁ ኢሜይል የሚሄደው በአብዛኛው ወደ እንዲህ ያሉ ሰርቨሮች ከሆነ፣ ሪከርዱ እንከን ባይኖረውም ሳጥኑ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ፈተና አለ። ከዶሜይናችሁ ወደ አንድ ጂሜይል አድራሻ መልእክት ላኩ። ጂሜይሉን በኮምፒውተር ከፍታችሁ፣ ከመልእክቱ ጎን ካሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ ኦሪጂናሉን የሚያሳየውን ምረጡ። ከላይ ባለው ሠንጠረዥ የኤስፒኤፍ፣ የዲኪምና የዲማርክ ውጤት ይታያል። የዲማርክ መስመር ካለ፣ ማለፍም ይሁን መውደቅ፣ ጎግል ሪከርዳችሁን አግኝቶ አንብቦታል ማለት ነው። በአንድ ኢሜይል ጣቢያ 1ን እና የጣቢያ 2ን አብዛኛውን ክፍል አረጋገጣችሁ፤ ለጎግልም ሪፖርት የሚጽፍበት ምክንያት ሰጣችሁት። አድራሻው ትክክል መሆኑን ግን ይህ ፈተና አያሳይም፤ እሱን በዓይናችሁ እዩ።

ጣቢያ 5፦ ደርሶ የት ገባ?

የመጨረሻው ጣቢያ የራሳችሁ ቤት ነው። ሪፖርቱ የሚመጣው የተጨመቀ ፋይል ተያይዞበት ነው፤ ዚፕ ወይም ጂዚፕ፣ በውስጡም የኤክስኤምኤል ጽሑፍ። ከማይታወቅ ላኪ የተጨመቀ ፋይል ሲመጣ ብዙ የጸረ ቫይረስ ማጣሪያ ያግደዋል፤ አንዳንዱ ለተቀባዩ ሳይናገር ይጥለዋል። በመጀመሪያ የስፓም አቃፊውን፣ ቀጥሎ የማጣሪያውን የእገዳ መዝገብ፣ በመጨረሻም የሜይል ሰርቨሩን ሎግ እዩ።

አድራሻው የቡድን ኢሜይል ከሆነ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መልእክት መቀበሉን አረጋግጡ። ብዙ የቡድን አድራሻ ሲከፈት የውስጥ ሰዎችን ብቻ እንዲቀበል ሆኖ ነው የሚዘጋጀው፤ ሪፖርተሩ ደግሞ ሁልጊዜ የውጭ ሰው ነው። ሳጥኑ ሞልቶም ሊሆን ይችላል። ይህንን ሁሉ ለመፈተሽ ቀላሉ መንገድ ከግል ኢሜይላችሁ አንድ ትንሽ ዚፕ ፋይል አያይዛችሁ ወደ ሪፖርት አድራሻው መላክ ነው። ካልደረሰ፣ የጎግልም ሪፖርት የሚገጥመው ዕጣ ይኸው ነው።

ስንት ጊዜ እንጠብቅ?

ሪፖርት የሚላክበት የተለመደው ልዩነት 86400 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ቀን ነው። ጎግል ቀኑን የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር የቀኑ ሂሳብ የሚዘጋው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሪከርዱን አስተካክላችሁ የፈተና መልእክት ብትልኩ፣ ቀኑ የሚዘጋው ለማክሰኞ አጥቢያ ነው፤ ሪፖርቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከማስተካከያው በኋላ ሁለት ሙሉ ቀን ሳይሞላ እንደገና አትነካኩት። በየሰዓቱ ሪከርዱን የሚቀይር ሰው የትኛው ለውጥ እንደሠራለት ማወቅ አይችልም።

ሪፖርቱ ከፊሉ ቢመጣና ከፊሉ ቢቀርስ? ያኔ ንዑስ ዶሜይኖቻችሁን እዩ። አንድ ንዑስ ዶሜይን የራሱ የዲማርክ ሪከርድ ከሌለው የዋናውን ይወርሳል፤ ሪፖርቱም ወደ ዋናው አድራሻ ይሄዳል። የራሱ ሪከርድ ካለው ግን የሚነበበው የእሱ ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ «አር ዩ ኤ» ካልተጻፈ፣ ዋናው ሪከርድ ላይ ቢኖርም እንኳ ስለዚያ ንዑስ ዶሜይን ሪፖርት አይመጣም። የተማሪዎች ኢሜይል በንዑስ ዶሜይን ላይ ባለበት ዩኒቨርሲቲ፣ ይህ ማለት አብዛኛው ተጠቃሚ ከሪፖርቱ ውጭ ነው ማለት ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ሪፖርት ሲመጣ

ፋይሉን ስትከፍቱት ለዓይን የሚስብ ነገር አይደለም። ግን አራት ነገር ፈልጉ፤ የላኪውን ሰርቨር አይፒ አድራሻ፣ ከዚያ አድራሻ የመጣውን የመልእክት ብዛት፣ የኤስፒኤፍን ውጤት እና የዲኪምን ውጤት። ቀኑና ሰዓቱ እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ አንሥቶ በተቆጠረ ሰከንድ ነው የሚጻፈው፤ ወደ ቀን የሚቀይር መሣሪያ በቀላሉ ታገኛላችሁ።

ከዚያ የምታውቋቸውን አይፒዎች ምልክት አድርጉ። የማታውቁት ሲቀር ወዲያው «አስመሳይ ነው» አትበሉ። መጀመሪያ ፋይናንስን፣ ሬጅስትራርን፣ ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቁ፤ አንዱ ክፍል ለማንም ሳይናገር የሚጠቀምበት አገልግሎት ሊሆን ይችላል። ሕጋዊ ሆኖ ከተገኘ ኤስፒኤፉን ወይም ዲኪሙን አስተካክሉለት። ማንም የእኔ ነው የማይለው፣ ሁለቱንም ፈተና የሚወድቀውና በብዛት የሚልከው ሲቀር፣ «ሪጀክት» የተሠራው ለእሱ ነው።

ይህንን ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ወር ተከታተሉ፤ የደመወዝ ሰነድ የሚልከው ሰርቨር በወር አንድ ቀን ብቻ ነው ብቅ የሚለውና። ከዚያ ከ«ናን» ወደ «ኳራንቲን»፣ ቀጥሎ ወደ «ሪጀክት» ማለፍ ትችላላችሁ። በመሀል ሪፖርቱ በድንገት ከቆመ፣ ፖሊሲውን ከማጥበቃችሁ በፊት ከጣቢያ 1 እንደገና ጀምሩ።